ብቸኛ መስሎ የኖረው ቁጥር

የምትወደው ቁጥር ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፦ 4,294,967,297። አብዛኛው ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል። 7 ወይም 12 ሲጠብቅ አሥር አሃዝ ይወርድበታል። ቁጥሩም ቢሆን ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። በ7 ያልቃል፤ ስለዚህ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለ3 አይካፈልም። 7ን ብትሞክሩ፣ 11ን ብትሞክሩ፣ 13ን ብትሞክሩ ቀሪ ይተርፋል። ትንሽ ገፍተው ሲሄዱም ያው ነው፤ ለማንም የሚበገር አይመስልም።

ብቸኛ ቁጥር፣ ብዙዎቻችን ፕራይም የምንለው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ቁጥር ነው። 4,294,967,297 ለ92 ዓመት ከነዚህ ተራ ተቆጥሮ ኖሯል። የቆጠረው ደግሞ በቁጥር ነገር በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው ነው።

ቁጥሩ አስፈሪ ይምሰል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። 2ን በራሱ አባዙት፣ 4። 4ን በራሱ፣ 16። 16ን በራሱ፣ 256። 256ን በራሱ፣ 65,536። እሱንም በራሱ፣ 4,294,967,296። አሁን በየአንዳንዱ ላይ 1 ጨምሩ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297። የኛው ቁጥር እንግዲህ 2³² + 1 መሆኑ ነው። ሰልፉ ማለቂያ የለውም፤ የሰልፉ አባላት የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የኛው በስድስተኛ ቦታ ተቀምጦ አምስተኛው የፌርማ ቁጥር ተብሏል። ከዜሮ መቁጠር የሒሳብ ሰዎች አመል ነው፤ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ፒየር ደ ፌርማ እንጀራው ሕግ ነበር፤ በቱሉዝ ፍርድ ቤት እየሠራ ሒሳብን በትርፍ ጊዜው የሚሞክር ሰው። እ.ኤ.አ. በ1640 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የዚህ ሰልፍ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ። ማረጋገጫ ግን በእጁ እንደሌለ አልሸሸገም። ማስረጃው የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ነበሩ፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥም ብቸኛ ናቸው።

አምስት ምስክር በብዙ የኑሮ ጉዳይ ከበቂ በላይ ነው። ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ላይ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ የፌርማ ግምትም ከዚህ በላይ ሊከሽፍ አይችልም ነበር። ከእነዚያ አምስት በኋላ እስከዛሬ አንድም ብቸኛ የሆነ የፌርማ ቁጥር አልተገኘም። ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ያሉት በሙሉ ተካፋይ መሆናቸው ተረጋግጧል። ሰውዬው ያገኘው ብቸኛ የሆኑትን ብቻ ነበር ማለት ነው፤ የቀሩት ሁሉ ከእሱ መቆሚያ ማዶ ነበሩ።

እኔን ወደዚህ ቁጥር የሚስበኝ ግን የታላቅ ሰው ስህተት አይደለም፤ በዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል። የሚስበኝ ቁጥሩ በስንት በኩል እንደሚከፈት ነው። ብቸኛ አለመሆኑን ቢያንስ በሦስት መንገድ ማወቅ ይቻላል፤ ሦስቱም አንድ እውነት ላይ ይደርሳሉ፤ በእጅ የሚያስቀሩት ዕውቀት ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ማካፈል ነው። በ1729 መጨረሻ ክርስቲያን ጎልድባኽ ለሊዮናርድ ኦይለር ደብዳቤ ጻፈለት፤ ፌርማ ስለነዚህ ቁጥሮች ያለውን ታውቃለህ ወይ ብሎ። ኦይለር ያኔ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። መጀመሪያ ነገሩ ብዙም አልሳበውም። በ1732 ግን መልሱን ይዞ ቀረበ፦ 4,294,967,297 ለ641 ይካፈላል።

ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው አሁኑኑ ሊያየው ይችላል። 4294 ውስጥ 641 ስድስት ጊዜ ይገባል፤ 3846፤ ቀሪ 448። ቀጥሎ ያለውን 9 አውርዱ፣ 4489። ሰባት ጊዜ ይገባል፤ 4487፤ ቀሪ 2። 6 ይወርዳል፣ 26፤ አይገባም፣ 0። 7 ይወርዳል፣ 267፤ አሁንም 0። 2 ይወርዳል፣ 2672፤ አራት ጊዜ፣ 2564፤ ቀሪ 108። 9 ይወርዳል፣ 1089፤ አንድ ጊዜ፤ ቀሪ 448። ይሄ 448 ቅድም አይተነዋል! ያኔ የወረደለት 9 ነበርና በ2 ተረፈው። አሁን የቀረችው የመጨረሻ አሃዝ 7 ናት፤ 4487 ይሆናል፤ ልክ ሰባት ጊዜ፤ ቀሪ ባዶ። መልሱ 6,700,417።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ከታች ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው 641 ላይ የሚደርሰው በ116ኛው ማካፈል ነው። መቶ አሥራ ስድስት! አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በእጅ 116 ጊዜ ማካፈል አሰልቺ ነው፤ ግን ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ያለው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ፌርማ ለሃያ ዓመት ያህል በዚህ ግምት ላይ ሲመላለስ እነዚያን ቀናት ያልሰጠው ለምን ይሆን? ሞክሮ መንገድ ላይ ተሳስቶ ሊሆንም ይችላል። የበለጠ የሚገርመው 116ቱም አለማስፈለጋቸው ነው፤ ነገሩን ወደ አምስት የሚያወርደው መሣሪያ የራሱ የፌርማ ሥራ ነበር።

መሣሪያው እንዲህ ይሠራል። አንድ ብቸኛ ቁጥር የኛን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል፤ ‹ሀ› ብለን እንጥራው። ከ1 ተነስተን እጥፍ እያደረግን እንሂድ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልን። ከሀ ባለፍን ቁጥር ሀን እየቀነስን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን፤ የሰዓት ቆጣሪ 12 ካለፈ በኋላ እንደገና ከ1 እንደሚጀምረው ማለት ነው። ሀ 2³² + 1ን ያካፍላል ካልን በ32ኛው እጥፍ ላይ የምንይዘው ቀሪ ከሀ በ1 ያነሰ ነው። ይህ ቀሪ በራሱ ሲባዛ 1 ይሰጣል፤ ስለዚህ በ64ኛው እጥፍ ወደ ተነሳንበት ወደ 1 እንመለሳለን። የዙሩ ርዝመት 64ን ማካፈል አለበት፤ በ32 ላይ ግን 1 አላገኘንም። እንግዲህ ዙሩ ልክ 64 ነው፤ ከዚያ አያንስም። ፌርማ በዚያው በ1640 በሌላ ደብዳቤ የጻፈው ትንሹ ቴዎሬም ደግሞ ከሀ አንድ የጎደለ ያህል እጥፍ ከሄድን የግድ 1 ላይ እንደምንወድቅ ይናገራል። ሁለቱ የሚስማሙት ከሀ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው የ64 ብዜት ከሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝም ብሎ ከ3 ጀምሮ መሞከር አያስፈልግም። የ64 ብዜት ሲደመር 1 የሆኑትንና ብቸኛ የሆኑትን ብቻ ማየት ነው፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አምስተኛው በሩን ይከፍታል። ኦይለር መጀመሪያ መልሱን ብቻ ነበር ያሳየው፤ ይህን ምክንያት ከዓመታት በኋላ አብራርቶ ጽፎታል። ፌርማ ግን በዚህ ዓይነት ማጣሪያ መጠቀም ያውቅ ነበር። 2³⁷ − 1 ለ223 እንደሚካፈል ያገኘው በእንዲህ ያለው መንገድ ነው፤ ያም በዚያው በ1640 ነው። አንዱን ቁልፍ ለአንድ በር ተጠቅሞ፣ ለጎረቤቱ በር ሳይሞክረው ቀረ።

ኤድዋርድ ሉካስ በ1878 ማጣሪያውን ይበልጥ አጠበበው፤ አካፋዩ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። አሁን ከ641 በታች የቀረችው 257 ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ራሷ የፌርማ ቁጥር ናት፤ የሰልፉን የመጀመሪያ አምስት አባላት 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ብላችሁ ብታባዙ 4,294,967,295 ይወጣል፤ ከኛ ቁጥር በ2 ብቻ ያነሰ። ስለዚህ የኛ ቁጥር ለ257 ሲካፈል ቀሪው የግድ 2 ነው፤ መሞከርም አያስፈልግም። የቀረው የመጀመሪያ እጩ 641 ነው። 116 የነበረው ልፋት 5 ሆነ፣ 5ቱ ደግሞ 1። ቁጥሩ አልቀነሰም፤ አሠራሩን በደንብ ስላየነው ብቻ ነው።

ያቺን አንድ ሙከራ ደግሞ ያለ ረጅም ማካፈልም ማድረግ ይቻላል። በእጥፍ መንገድ እንሂድ። 512 ድረስ ምንም የሚቀነስ የለም። 1024 ከ641 ያልፋል፤ 383። እጥፉ 766፤ 125። ከዚያ 250፣ 500፣ 1000፤ 359። እጥፉ 718፤ 77። ከዚያ 154። አሥራ ስድስተኛው እጥፍ ላይ ደረስን። ወደ 32ኛው ለመዝለል 154ን በራሱ ማባዛት ነው፦ 23,716። 641 × 37 ደግሞ 23,717 ነው። በአንድ ጎደለች፤ የኛ ቁጥር መጨረሻ ላይ የተጨመረችው 1 ክፍተቷን ትሞላለች። ቢሊዮን የሚባል ነገር ሳንነካ አራት ቢሊዮኑን አካፈልነው።

ከዚህም የሚያጥር አለ፤ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ አስተማሪዎች የሚወዱት። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው። ደግሞም 641 = 5⁴ + 2⁴ ነው፤ 625 ሲደመር 16። ከመጀመሪያው ብንነሳ 5 × 2⁷ ከ641 በ1 ያንሳል፤ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ ለ641 ይካፈላል። ከሁለተኛው ብንነሳ 5⁴ + 2⁴ በ2²⁸ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ + 2³² ይሆናል፤ ይህም ለ641 ይካፈላል። ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ 2³² + 1 ይቀራል። አለቀ። ሁለት መስመር የማይሞላ ነው። ውብ ነው፤ ግን እኔን አያጠግበኝም። 641 አስቀድሞ በእጁ ለገባ ሰው የተሠራ ጌጥ ነው፤ ለሌለው ሰው ከየት እንደሚያመጣው አይነግረውም።

ስለማምጣት ከተነሳ ዜራ ኮልበርን የሚባል አሜሪካዊ ልጅ ነበር። በ1804 የተወለደ ነው፤ በሕፃንነቱ አባቱ እያዞረ በአደባባይ ያስቆጥረው ነበር። ለንደን ላይ ይህንኑ ቁጥር ሰጥተው አካፋይ ካለው ንገረን ሲሉት በቃሉ አስቦ 641 ነው እንዳለ ይተረካል። በእንዲህ ያለ ወሬ ላይ ጠርጣራ ነኝ፤ የዚህ ልጅ ነገር ግን ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ትክክለኛዋን መንገድ ላገኘ 154ን በራሱ ማባዛት ነው ያለው።

ሁለተኛው መንገድ የምወደው ነው። የኛ ቁጥር ከሠሪው የወረሰው አንድ መልክ አለው፤ የሁለት ካሬዎች ድምር ነው፦ 65,536² + 1²። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 የሆነ ብቸኛ ቁጥር በሁለት ካሬዎች ድምር መጻፍ እንደሚችል፣ ያም በአንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ፣ አሁንም ፌርማ ተናግሮ ኦይለር አረጋግጦታል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ከ65,536 እና ከ1 ሌላ ጥንድ አይኖረውም ነበር። ኦይለር ሌላ ጥንድ አሳየ፦ 62,264² + 20,449²። የመጀመሪያው 3,876,805,696 ነው፤ ሁለተኛው 418,161,601። ደምሯቸው። ድምሩ የኛው ቁጥር ነው፤ ብቸኝነቱም በአንድ መደመር ፈረሰ። ማንም ምንም አላካፈለም።

ሁለተኛው ጥንድ ከየት መጣ? ከአካፋዮቹ። 641 = 25² + 4² ነው፤ 6,700,417 = 2,556² + 409²። በሰባተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ እንዳሳየው፣ ሁለት የካሬ ድምሮች ሲባዙ ውጤቱ ራሱ የካሬ ድምር ነው፤ ያውም በሁለት መንገድ። 25 × 2,556 = 63,900። 4 × 409 = 1,636። ድምራቸው 65,536 ነው፤ ልዩነታቸው 62,264። ቀጥሎ በመስቀል፦ 25 × 409 = 10,225። 4 × 2,556 = 10,224። ድምራቸው 20,449 ነው፤ ልዩነታቸው 1።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ፌርማ ቁጥሩን ሲሠራ በመጨረሻ የጨመራት 1፣ አካፋዮቹ ከውስጥ ሆነው ሲተያዩ በ10,225 እና በ10,224 መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ከ641 ብዜት በአንድ የጎደለችውም እሷው ናት። ቁጥሩን ከውጭ የሚያየው ሰው 2³² ላይ የተለጠፈች ጭማሪ ትመስለዋለች፤ ከውስጥ ሲታይ ግን መዋቅሩ የቆመው በእሷ ላይ ነው። (20,449 ደግሞ ራሱ 143 በራሱ ተባዝቶ ነው። ይህ ምንም ትርጉም ያለው አይመስለኝም፤ ግን ካየሁት በኋላ አለመናገር አልችልም።)

ሌላኛው አካፋይ፣ 6,700,417፣ ራሱ ብቸኛ ነው። ይህንንም ያው የ128 ማጣሪያ በቀላሉ ይጨርሰዋል፤ ብንከፍለው አካፋዩ 641፣ 769፣ 1,153 ወይም 1,409 መሆን ነበረበት፤ አራቱም ቀሪ ያስቀራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ተዘጋ፤ 4,294,967,297 = 641 × 6,700,417፣ ከዚህ በላይ አይበታተንም።

የቀረው መንገድ ከሁሉም የሚገርመው ነው፤ አካፋይ ሳያገኝ ፍርድ ይሰጣል። ከትንሹ ቴዎሬም የሚወጣ ፈተና አለ፦ አንድን ቁጥር ይዞ በተፈታኙ ቁጥር ቀሪ እያስቀሩ ከተፈታኙ አንድ የጎደለ ያህል ጊዜ ደጋግሞ ማባዛት፤ ውጤቱ 1 ካልሆነ ተፈታኙ ብቸኛ አይደለም። በ2 ብትፈትኑት የኛ ቁጥር ያልፋል! በእጥፍ መንገድ በ64 እርምጃ ወደ 1 ስለሚመለስና 4,294,967,296 የ64 ብዜት ስለሆነ የግድ ያልፋል። ሁሉም የፌርማ ቁጥሮች በዚህ ፈተና ያልፋሉ፤ ብቸኛም ሆኑ አልሆኑ። አስመሳይ ብቸኛ የሚሉት ዓይነት ነው። በ3 ግን ይያዛል። ፈረንሳዊው ቴዎፊል ፔፓን በ1877 ባረጋገጠው መሠረት፣ ከ3 ተነስተን 31 ጊዜ በራሱ እያባዛን ቀሪውን ብንይዝ፣ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ መጨረሻ ላይ ከራሱ በ1 የሚያንስ፣ ማለትም 4,294,967,296 ማግኘት አለብን። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ነው፦ 3፣ 9፣ 81፣ 6,561፣ 43,046,721። ከዚያ ወዲያ ቀሪዎቹ ምንም ሥርዓት የሌላቸው ይመስላሉ። በመጨረሻ የሚወጣው 10,324,303 ነው። ከሚፈለገው ጋር አይገናኝም። ብቸኛ አይደለም፤ አከተመ።

ይህ ውጤት ምንድን ነው የሚነግረን? አካፋይ እንዳለ። ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። 10,324,303ን ብትገለባብጡት 641 አይወጣበትም። ሒሳብ ለማያዘወትር ሰው ይህ ግር ይላል፤ ብቸኛ አለመሆኑን ለማሳየት አካፋዩን ማምጣት የግድ ይመስላል። አይደለም። ወንጀል መፈጸሙን ያወቀና ወንጀለኛውን የያዘ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ብዙ ምስጢር የሚጠበቀው በዚህ ልዩነት ነው። አርኤስኤ የሚባለው የምስጢር ቁልፍ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሠራ ነው፤ ውጤቱ ብቸኛ እንዳልሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ አካፋዮቹን ግን ባለቤቱ ብቻ። እግረ መንገዴን፣ በዚሁ ሥራ ላይ ለሕዝብ በሚሰጠው ቁልፍ ውስጥ በብዛት የሚገባው ቁጥር 65,537 ነው፤ የፌርማ የመጨረሻዋ እውነተኛ ብቸኛ።

ኮምፒውተር ካነሳን የኛ ቁጥር እዚያ መጥፎ ዕድል ገጥሞታል። በ32 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው) የሚያዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ 32ቱም ቢት 1 ሲሆኑ። የኛው ከዚያ በ2 ይበልጣል። በዚያ ቦታ ውስጥ እናስቀምጥህ ቢሉት ከ2³² በላይ ያለው ብቻ ይተርፈውና 1 ሆኖ ይነበባል። አንዳንድ ሰው የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጽፎ 2³² + 1ን ሲያሳትም 1 የሚወጣበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጎረቤቱ 4,294,967,295 ግን ሌላ ክብር አለው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1796፣ 19 ዓመት ሳይሞላው፣ ጎኖቹ ሁሉ እኩል የሆነ 17 ጎን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ እንደሚሠራ አሳየ። ሚስጥሩ 17 የፌርማ ብቸኛ መሆኑ ነበር። የጎኖቹ ብዛት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፣ ቅርጹ የሚሠራው ቁጥሩ የተለያዩ የፌርማ ብቸኞች ብዜት ሲሆን ነው፤ ከዚህ ውጭ እንደማይቻል ፒየር ዋንዜል በ1837 አረጋገጠ። የታወቁት የፌርማ ብቸኞች አምስት ስለሆኑ እንዲህ ያሉት ጎዶሎዎች 31 ናቸው፤ ትልቁም የአምስቱ ብዜት፣ 4,294,967,295 ነው። በሁለት ጎን የሚበልጠው የኛ ቁጥር፣ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ፣ ይሠራ ነበር፤ ስላልሆነ አይሠራም። ማንም ሊስለው አልነበረም እንጂ። ለ65,537 ጎን ዮሐን ሄርሜስ የሚባል ጀርመናዊ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ ወረቀቱን ጎቲንገን አስቀምጧል። ስለሰውዬው ባሰብኩ ቁጥር ማድነቅም ማዘንም ያምረኛል።

ከኛ ቁጥር በኋላ ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ታሪክ የእነዚያ ሁለት ዕውቀቶች መለያየት ታሪክ ነው። ስድስተኛውን፣ ባለ 20 አሃዙን፣ ፎርቹኔ ላንድሪ በ1880 ከፈተው፤ የ82 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ 274,177ን ይዞ። ሰባተኛው በፔፓን ፈተና ብቸኛ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ አካፋዩን ለማግኘት 1970 መድረስ ነበረበት፤ ማይክል ሞሪሰንና ጆን ብሪልሃርት በኮምፒውተር እስኪይዙት። ስምንተኛው በ1980፣ ዘጠነኛው በ1990 ተከፈቱ። አሥራ ሁለተኛው አካፋዮች ተገኝተውለታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ገና አልተበተነም።

ሃያኛውና ሃያ አራተኛው ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ሃያ አራተኛው 5,050,446 አሃዝ አለው፤ በ1999 የፔፓን ፈተና ተደርጎለት ወድቋል። አካፋይ እንዳለው በፍጹም እርግጠኝነት ይታወቃል። አንዱም ግን አልተገኘም። በ2³² + 1 ላይ እንደ ጨዋታ ያየነው ነገር፣ 10,324,303ን ይዞ 641ን አለማወቅ፣ እዚያ የሒሳብ ሰዎች የሚኖሩበት ሁኔታ ነው።

ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ያም የለም። ፍርዱ ራሱ አልተሰጠም። አሃዙ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ነው፤ የፔፓን ፈተና 3ን 8,589,934,591 ጊዜ በራሱ እያባዙ ቀሪ ማስቀረት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ማባዛት በዚያ ሁሉ አሃዝ ላይ ነው። ስለዚህ ፈላጊዎቹ ፈተናውን ትተው አካፋይ እያሳደዱ ነው፤ ኦይለርና ሉካስ ባጠበቡት ማጣሪያ፣ አሁን በ2³⁵ ብዜት ላይ 1 እየጨመሩ።